ምዕራፍ 7፦ ድንኳኑ ቀድሞ የተከፈለበት አገር

አንድ አሜሪካዊ ፍራንክፈርት ውስጥ ምሳ ሊበላ ተቀመጠ እንበል። ከኦሃዮ የመጣ፣ አውሮፓን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ነው። ውሃ ጠየቀ። በአገሩ ውሃ ሲባል በረዶ የሞላበት ትልቅ ብርጭቆ ይቀርባል፤ ሲጎድል ይሞላለታል፤ ሂሳብ ላይም አይገባም። እዚህ ግን አስተናጋጇ «ጋዝ ያለው ይሁን የሌለው?» ብላ ጠየቀችውና እንደ አምቦ የሚፍለቀለቅ ውሃ በጠርሙስ አመጣችለት። በረዶ የለውም። ሂሳቡ ሲመጣ ውሃው ከነዋጋው ተጽፏል። ሰውየው ተናደደ፤ ምግብ ቤት ገብቶ ለውሃ ከፍሎ አያውቅም።

ንዴቱ ሳይበርድለት ግን ሌላ ነገር አስተዋለ። ከምግብ ዝርዝሩ ላይ ያዘዛቸውን በልቡ ደመረ፤ የቀረበለት ሂሳብ ከዚያ ድምር በአንድ ሳንቲም እንኳ አይበልጥም። ታክስ አልተጨመረም። አስተናጋጇም የሂሳቡን አንድ አምስተኛ ጉርሻ የምትጠብቅ አትመስልም፤ ሂሳቡን ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ ጥቂት ሲጨምርላት በደስታ አመስግና ሄደች። ሰውየው ግራ ገባው። ይህ አገር ውድ ነው ወይስ ርካሽ?

አሜሪካውያን አውሮፓን በምግቧ መመዘን የጀመሩት ዛሬ አይደለም። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲው ማርክ ትዌይን በ1880 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የአውሮፓ ሆቴሎችን ቡናና ምግብ ክፉኛ ነቅፏል፤ አገሩ ሲገባ የሚጠብቁትን የአሜሪካ ምግቦችም ረጅም ዝርዝር አድርጎ ጽፏል። ጁሊያ ቻይልድ ደግሞ በ1948 ፈረንሳይ በገባች ጊዜ ሩዋን ከተማ ውስጥ በቅቤ የተጠበሰ ዓሣ በላች፤ ያ ምሳ የሕይወቷን አቅጣጫ ቀይሮ የፈረንሳይን ምግብ ለአሜሪካውያን በማስተማር የታወቀች አደረጋት። ጣዕም እንግዲህ እንደየሰው ነው። እኔ በዚህ ምዕራፍ የምከተለው ሂሳቡን ነው።

በምዕራፍ 3 ምንዛሪ የአንድን ዕቃ ዋጋ ወደ ራሳችን ገንዘብ እንደሚቀይርልን አይተናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ የአንድን አገር ኑሮ በአንድ ዕቃ መመዘን ስለማይቻል ባለሙያዎች ብዙ ነገር የያዘ «የኑሮ ቅርጫት» አዘጋጅተው እንደሚያወዳድሩ ተነጋግረናል። ያኔ ያለፍነው አንድ ጉዳይ ነበር። ሁለት አገር ላይ የተለጠፈ አንድ ዓይነት ዋጋ በውስጡ የያዘው አንድ ዓይነት ነገር ነው ወይ? አይደለም። ዋጋ ማለት ከምንከፍለው ውስጥ በዚያች ሰዓት የሚታየን ክፍል ብቻ ነው። የቀረውን ወይ ቀድመን ከፍለነዋል፣ ወይ ወደፊት እንከፍለዋለን፣ ወይ ሌላ ሰው ከፍሎልናል።

ከዝርዝሩ ግርጌ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ

አዲስ አበባ ምግብ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ከምግብ ዝርዝሩ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ዋጋው ቫትና የአገልግሎት ክፍያ አይጨምርም» የሚል ይጻፋል። 200 ብር ብለን ያዘዝነው ምግብ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከልበት 250 ብር አካባቢ ይደርሳል። ልማዱን የምናውቅ ሰዎች ገና ስናዝዝ በልባችን እንጨምርበታለን። እንግዳ የሆነ ሰው ግን ሂሳቡ ሲመጣ ይደነግጣል።

አሜሪካም እንደዚሁ ናት። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ 40 ዶላር የተጻፈበት እራት ላይ 8.875 በመቶ የሽያጭ ታክስ፣ ማለትም 3 ዶላር ከ55 ሳንቲም ይጨመራል። 20 በመቶ ጉርሻ ሲታከልበት ሌላ 8 ዶላር ነው። ስለዚህ 40 የተባለው እራት 51 ዶላር ከ55 ሳንቲም ሆኖ ይወጣል። ታክሱ ከክልል ክልል፣ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ ኦሪገንና ደላዌርን የመሳሰሉ ክልሎች ጨርሶ የላቸውም። ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የተለጠፈው ዋጋም ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ያድጋል። አሜሪካዊ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «አንድ ዶላር» የተባለ ነገር በአንድ ዶላር እንደማይገዛ እያወቀ ያድጋል።

ጉርሻው ከልግስና ይልቅ የደመወዝ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት ጉርሻ የሚቀበል ሠራተኛ ከአሠሪው የሚያገኘው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ይህ ቁጥር ከ1991 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ብዙ ክልሎች ከዚህ የበለጠ ያስከፍላሉ፤ ጉርሻው አንሶ ሠራተኛው ከአጠቃላዩ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም በታች ከቀረም አሠሪው እንዲሞላ ይገደዳል። ቢሆንም የአስተናጋጇን ደመወዝ ጉልህ ክፍል የሚከፍላት በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ደንበኛ ነው። ጀርመን ውስጥ አስተናጋጅም እንደማንኛውም ሠራተኛ ሙሉው ዝቅተኛ ደመወዝ ይከፈላታል፤ በ2025 በሰዓት 12 ዩሮ ከ82 ሳንቲም ነበር። በፈረንሳይ ሕግ ደግሞ የአገልግሎቱ ክፍያ ዝርዝሩ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ፍራንክፈርት ያለው ሰውዬአችን ጉርሻ ሳይከፍል የወጣ መሰለው እንጂ ከፍሏል። የከፈለው ምግቡን ባዘዘበት ቅጽበት ነው።

ታክሱም እንዲሁ። ቫት፣ በሙሉ ስሙ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በ1954 ፈረንሳይ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለ፣ ሞሪስ ሎሬ የተባለ የግብር ባለሥልጣን የቀየሰው ዘዴ ነው። ገበሬው ስንዴውን ለወፍጮ ቤት ሲሸጥ፣ ወፍጮ ቤቱ ዱቄቱን ለዳቦ ቤት ሲሸጥ፣ ዳቦ ቤቱም ዳቦውን ለእኛ ሲሸጥ፣ እያንዳንዱ በጨመረው እሴት ልክ ታክስ ያስተላልፋል፤ ሸክሙ ተንከባልሎ የሚያርፈው በመጨረሻው ገዢ ላይ ነው። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት መደበኛው መጠን ከሉክሰምበርግ 17 በመቶ እስከ ሃንጋሪ 27 በመቶ ይደርሳል፤ ጀርመን 19፣ ፈረንሳይ 20 በመቶ ታስከፍላለች። ከኒው ዮርኩ እጥፍ በላይ ነው። ሆኖም የኅብረቱ ሕግ ለሸማች የሚለጠፍ ዋጋ ታክሱን ጨምሮ እንዲሆን ስለሚያዝ አውሮፓዊው ሸማች መደርደሪያው ጋ ቆሞ ሁለተኛ ስሌት አያሰላም። ከፍተኛው ታክስ የማይታይ፣ ዝቅተኛው ታክስ የሚታይ ሆኗል።

ወንበር የሚከራይበት ቡና ቤት

ጣሊያን ውስጥ ሰው ጠዋት ቡና ቤት ይገባል፣ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ትንሽዬዋን ሲኒ ኤስፕሬሶ በሁለት ወይም በሦስት ጉንጭ ይጨርሳል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል። ጠቅላላው ጉዳይ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ያው ቡና፣ ከዚያው ማሽን፣ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠው ሲያዝዙት ዋጋው ይጨምራል፤ የታወቀ አደባባይ ላይ ከሆነ በጣም ይጨምራል። አሜሪካዊው ይህን ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል። በአገሩ ቡና ማለት ትልቅ የወረቀት ኩባያ ነው፤ መኪና ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ ይጠጣል፤ ቁጭ ቢሉም ቆመው ቢሄዱም ዋጋው አንድ ነው።

ጣሊያናዊው ግን ሁለት ነገር ነው የሚሸጠው፤ ቡናና ወንበር። ባንኮኒው ጋ የቆመው ሰው ቡናውን ብቻ ገዛ። የተቀመጠው ሰው ቡናውን ገዛ፣ ወንበሩን ደግሞ ተከራየ። ስለዚህ አስተናጋጁ «ጨረስክ ወይ?» ብሎ አይመጣበትም፤ ሂሳብም እስኪጠይቅ አያቀርብለትም። አሜሪካ ውስጥ ሂሳብ ቶሎ ማምጣት ቅልጥፍና ነው፤ በብዙው የአውሮፓ ክፍል ግን «ተነስ» ማለት ይሆናል። ቡናን ከወሬ ለይቶ የማያውቅ፣ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብሎ የሚጠጣ ሕዝብ የጣሊያኑን አሠራር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ማኪያቶ ከነስሙ ወደ ከተሞቻችን የመጣው ከዚያው ነው።

የውሃዋን ነገርም እዚህ ላይ እንጨርሰው። ፈረንሳይ ውስጥ ምግብ ለሚበላ ሰው የቧንቧ ውሃ በማሰሮ ሲጠይቅ ያለ ክፍያ ይቀርባል። ጀርመን ውስጥ ግን ውሃ እንደ ማንኛውም መጠጥ ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ ነጻ የሚመስለው ውሃና በረዶ ዋጋው ምግቡ ውስጥ ገብቷል። ሱፐርማርኬት ከሆነ ደግሞ በጀርመን በአብዛኛው የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ 25 ሳንቲም ማስያዣ ይከፈላል፤ ባዶውን መልሶ ለማሽኑ የሰጠ ሰው ገንዘቡን ያገኛል። ባዶ ጠርሙስ ይዘን ሱቅ ለስላሳ ለመግዛት የተላክን ልጆች ይህን አሠራር በደንብ እናውቀዋለን።

ያልታጠበው እንቁላል

አሜሪካዊው ሱፐርማርኬት ገብቶ እንቁላሉን ፍሪጅ ውስጥ ፈልጎ ያጣዋል። ከስኳሩና ከዱቄቱ ጎን፣ ተራ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል፤ አንዳንዱም ላባ ነክቶታል። ይህ ንዝህላልነት አይደለም። እንቁላል ከዶሮዋ ሲወጣ ጀርም የሚከላከል ስስ ሽፋን ለብሶ ነው። አሜሪካኖች እንቁላሉን ያጥቡታል፤ ሽፋኑ አብሮ ስለሚለቅ ከዚያ በኋላ ከፋብሪካው እስከ ወጥ ቤት በቅዝቃዜ መቆየት ግድ ይሆንበታል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ለገበያ የሚቀርበውን አንደኛ ደረጃ እንቁላል ማጠብን በጥቅሉ ይከለክላል፤ ጥንቃቄው ቀድሞ ዶሮ ቤቱ ላይ፣ በንጽሕናና በብዙ አገሮች በክትባት ይደረጋል። በሁለቱም በኩል ለደኅንነት ተከፍሏል። አንዱ መጨረሻ ላይ በፍሪጅ ከፈለ፣ ሌላው መጀመሪያ ላይ በዶሮዋ ከፈለ።

እድርተኛዋና ብቸኛው

አሁን ወደ ምዕራፉ እምብርት ደረስን።

ሁለት ጎረቤታሞችን እናስብ። አንደኛዋ በየወሩ የእድር መዋጮዋን ትከፍላለች። ወሩን ሙሉ ስትቆጥር የተጣራ ገንዘቧ ከጎረቤቷ ያንሳል። ጎረቤቷ እድር የለበትም፤ ወር በገባ ቁጥር ከእሷ የበለጠ ብር ኪሱ ውስጥ አለ። አንድ ቀን ሁለቱም ቤት ሐዘን ገባ። እሷ ቤት ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ወንበር ተደረደረ፣ ድስቱና ብርጭቆው መጣ፤ «ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። እሱ ድንኳን ኪራይ ሲያፈላልግ ዋለ፤ ዋጋ ለመከራከር የሚያመች ቀን አልነበረም፤ የጠየቁትን ከፈለ። ማነው ርካሽ የኖረው? መልሱ የሚወሰነው በየትኛው ቀን እንደጠየቅን ነው።

ጀርመን ውስጥ የሚሠራ ሰው የደመወዝ ወረቀቱን ሲያይ ካልተጣራው ደመወዙ አንድ አምስተኛ ያህሉ ለጤና መድን፣ ለጡረታ፣ ለሥራ አጥነትና ለእርጅና እንክብካቤ ተቆርጧል። አሠሪው ተመሳሳይ መጠን ያዋጣል፤ የገቢ ግብሩ ከዚህ ውጪ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና የሚቆረጠው 7.65 በመቶ ነው። አሜሪካዊው የጀርመኑን ወረቀት ሲያይ ይሰቀጥጠዋል። የወር መዋጮውን ነው የሚያየው፤ ድንኳኑን ገና አላየም።

ድንኳኑ ብዙ ነው። ጀርመን የሠራተኞችን የጤና መድን ሕግ ያወጣችው በ1883፣ በቢስማርክ ዘመን ነው፤ ዛሬ በመደበኛው መድን ሥር ያለ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ካርዱን ያሳያል፣ ታክሞ ይወጣል። አሜሪካዊው መድን ቢኖረውም በየወሩ ዓረቦን ይከፍላል፤ ሲታመም ደግሞ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ የሚጨርሰው መጠን አለ፤ ስሙ ዲዳክቲብል ይባላል። ከዚያ በኋላም ድርሻ ይከፍላል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ቁጥር አለ። አሜሪካ ከጠቅላላ ምርቷ 17 በመቶ ያህሉን ለጤና ታወጣለች፤ ጀርመን 12 በመቶ ገደማ። እድር የሌለበት ጎረቤት ለድንኳን ያወጣው አንሶ አይደለም። በልጦ ነው።

ዕረፍትም ከድንኳኑ አንዱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለማንኛውም ሠራተኛ በዓመት ቢያንስ አራት ሳምንት ከደመወዝ ጋር የሚታሰብ ዕረፍት ያስገድዳል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ የዓመት ዕረፍት ግዴታ አይደለም፤ እንደ አሠሪው ፈቃድ ነው። የወለደች እናት በአውሮፓ ኅብረት ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ታገኛለች፤ የ1993ቱ የአሜሪካ ሕግ የሚያረጋግጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ ያውም ሕጉ ለሚመለከታቸው ሠራተኞች ብቻ። በነሐሴ ፓሪስ የገባ አሜሪካዊ የሚወደው ዳቦ ቤት «ለዕረፍት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ሲያገኘው ይበሳጫል። ግን ዓመቱን ሙሉ በተሸጠው እያንዳንዱ ዳቦ ዋጋ ውስጥ የዚያ ጋጋሪ የነሐሴ ዕረፍት ነበረበት። ጀርመን ውስጥ እሑድ ሱቅ ሲዘጋበትም እንዲሁ ነው፤ የእሑድ ዕረፍት እዚያ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው።

ትምህርትንም በአጭሩ። በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው ያለ ትምህርት ክፍያ ነው፤ ተማሪው በየሴሚስተሩ አነስተኛ መዋጮ ይከፍላል። አሜሪካ ውስጥ ያልተከፈለው የተማሪዎች ብድር ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ልማድን የሚሠራው ነዳጅ

አሜሪካዊ አውሮፓ ውስጥ መኪና ተከራይቶ ነዳጅ ሲቀዳ መጀመሪያ ዋጋው ደህና ይመስለዋል። ከዚያ የተጻፈው ለሊትር እንደሆነ ይገባዋል። የአሜሪካ አንድ ጋሎን 3.785 ሊትር ነው። የፌዴራል መንግሥቱ በአንድ ጋሎን ቤንዚን ላይ የሚወስደው ታክስ ከ1993 ጀምሮ 18.4 ሳንቲም ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን ይጨምራሉ። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ግን በአንድ ሊትር ላይ ቢያንስ 0.359 ዩሮ እንዲያስከፍሉ ይገደዳሉ፤ በጋሎን ሲሰላ 1 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ይሆናል። ብዙዎቹ ከዚህ በላይ ያስከፍላሉ፤ በዚያ ላይ ቫት አለ።

ይህ ልዩነት ማደያው ላይ አያበቃም። ነዳጅ ውድ ሲሆን መኪና ያንሳል፣ ባቡር ይሞላል፣ ሰው ሱቅ ካለበት አይርቅም። ሱቁ በእግር የሚደረስ ከሆነ ዳቦና አትክልት በየቀኑ በጥቂቱ ይገዛል፤ ስለዚህ ፍሪጁ ትንሽ ቢሆንም ይበቃል። በእርግጥ የአውሮፓ ከተሞች መኪና ሳይፈጠር በፊት የተሠሩ መሆናቸውም የራሱ ድርሻ አለው። ቢሆንም አሜሪካዊው «የአውሮፓውያን ባሕል» ብሎ ፎቶ የሚያነሳው፣ ዳቦ በብብቱ ይዞ በእግሩ የሚሄደው ሽማግሌ፣ ከነዳጅ ታክሱ ጋር ዝምድና አለው። ልማድ ከባዶ ሜዳ አይበቅልም።

አውሮፓ ዋጋን ሁልጊዜ አንድ ላይ ጠቅልላ ታቀርባለች ብዬ ግን አላሞግሳትም። ቤት ኪራይ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጀርመኖች «ቀዝቃዛ ኪራይ» እና «ሙቅ ኪራይ» ይላሉ፤ ቀዝቃዛው የባዶው ቤት ነው፣ ሙቁ ማሞቂያውንና ሌላውን ወጪ የያዘ ነው። ማስታወቂያ ላይ ቀዝቃዛውን ብቻ አይቶ የተዋዋለ ሰው ይቸገራል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቤቱ ወጥ ቤት የለውም፤ ምድጃው፣ መታጠቢያው፣ ቁም ሳጥኑ ሁሉ የቀድሞው ተከራይ ነቅሎት ሄዷል። ምድጃና ፍሪጅ ከቤቱ ጋር ይመጣል ብሎ ያደገ አሜሪካዊ ባዶ ግድግዳ ላይ ቧንቧ ብቻ ተተክሎ ሲያይ ይደነግጣል፤ ሊደነግጥም ይገባዋል።

እንግዳና ነዋሪ

በሐምሌ 2008 አንድ ዩሮ ወደ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ደርሶ ነበር። በሐምሌ 2022 አንድ ዩሮ አንድ ዶላር ሆነ። በ20 ዩሮ የቀረበ አንድ ዓይነት እራት ለአሜሪካዊው በመጀመሪያው ጊዜ 32 ዶላር፣ በሁለተኛው 20 ዶላር ነው ማለት ነው። በምዕራፍ 3 እንዳልነው፣ እንግዳ «ርካሽ አገር» ሲል ብዙ ጊዜ ስለ ምንዛሪው ነው የሚያወራው።

ከምንዛሪው በላይ ግን የእድሩ ጉዳይ አለ። አሜሪካዊው ጎብኚ ደመወዙን ያገኘው መዋጮው ዝቅ ባለበት አገር ነው፤ የሚበላውና የሚጓዘው መዋጮው ከፍ ባለበት አገር ነው። በነዋሪው ግብር በሚደጎመው ባቡር ይሄዳል፣ በነዋሪው መዋጮ ንጹሕ በሆነው አደባባይ ይቀመጣል፣ እሱ የሚያዋጣው በሚገዛው ነገር ላይ ያለውን ታክስ ብቻ ነው። የሌላ ሰው ድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጦ «እዚህ ኑሮ ርካሽ ነው» ቢል አይፈረድበትም። እዚያው መኖርና መሥራት ሲጀምር ግን የደመወዝ ወረቀቱ ሌላውን ግማሽ ይነግረዋል።

ፍርዱንም በአንድ በኩል ብቻ ላድርገው አልችልም። የኑሮ ዋጋ ልዩነትና መንግሥት የሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ ተሰልቶ እንኳ የአማካዩ አሜሪካዊ ገቢ ከአብዛኛው የአውሮፓ አገር ይበልጣል፤ ቤቱም ይሰፋል። ወጣት፣ ጤነኛና ጥሩ ሙያ ያለው ሰው አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሊያስቀር ይችላል። የእድር ምሳሌዬም አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ከእድር መውጣት ይቻላል፣ ከግብር ግን አይቻልም። እኔን ብትጠይቁኝ ልጅ ለሚያሳድግና ነገን ለማያውቅ ሰው ቀድሞ የተከፈለበትን ድንኳን እመርጣለሁ። አማካይ ቁጥር የታመመን ሰው አያስታምምም።

ይህ ጉዳይ ለብዙ ቤተሰቦቻችን የሩቅ ወሬ አይደለም። አንዷ እህት አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንድሟ ፍራንክፈርት ሆነው በስልክ ደመወዝ የሚያወዳድሩበት፣ አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ደግሞ «የት ልሂድ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቤት ስንቱ ነው። እባካችሁ፣ ለዚያ ልጅ ሁለቱን ደመወዞች ጎን ለጎን ጽፋችሁ «ይኸው፣ ምረጥ» አትበሉት። መጀመሪያ ወንድምየውን የቤት ኪራዩ ሙቅ ነው ቀዝቃዛ፣ ከደመወዙ ስንት እንደሚቆረጥ ጠይቁት። እህትየውንም ባለፈው ጊዜ ልጇ ስትታመም ከኪሷ ስንት እንደወጣ፣ ስትወልድ ስንት ሳምንት እንዳረፈች፣ ያን ጊዜስ ማን እንደከፈላት ጠይቋት። የደመወዙ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይምጣ።